ክሬኑ የደበቀው ወገብ

ሰውየው ሊፈታው የተነሣው ችግር ላይ ላዩን ሲያዩት ትንሽ ነው፦ የግራ እግሩን ካልሲ ማጥለቅ። ያለማንም እርዳታ፣ ሳያቃስት፣ ሚስቱ ፊቷን ታጥባ ከመመለሷ በፊት።

ቀኙ አላስቸገረም። አልጋው ጠርዝ ላይ ይቀመጥና እግሩን ጉልበቱ ላይ ጣል አድርጎ ያጠልቃል። ግራው ግን ትንሽ ከፍ ሲል እምቢ ይላል። ሕመሙ ከመቀመጫው ይነሣና በጭኑ ጀርባ ወርዶ፣ ባቱን አቋርጦ፣ እስከ አውራ ጣቱ ድረስ የጋለ ሽቦ እንደሚጎትቱበት ያደርገዋል። ጎንበስ ብሎ እንዳይደርስበት ደግሞ ወገቡ እንደ ዛገ ማጠፊያ ግትር ብሏል። ስለዚህ ብልሃት ፈጠረ። የኮት መስቀያ ሽቦ ወስዶ አቃናው፤ ጫፉን እንደ መንጠቆ አጠፈው፤ የካልሲውን አፍ በመንጠቆው ይዞ ወለሉ ላይ አስቀመጠ፤ እግሩን አስገባና ጎተተ። ካልሲው ተረከዙ ላይ ሲደርስ ቀረ። እንደገና ሲሞክር መንጠቆው ቆዳውን ቧጨረው። ከዚያ ሽቦውን ከመሐል አጥፎ በሁለት መንጠቆ ሠራው፤ ካልሲው ሸርተት ብሎ ገባ። እውነት ለመናገር ድንቅ ብልሃት ነው! ለዚሁ ሥራ የተዘጋጀ መሣሪያ የሕክምና ዕቃ መሸጫ ውስጥ እንደሚገኝ እሱ አያውቅም፤ ከራሱ ነው ያፈለቀው።

በሩ ተከፈተ። ልጁ ናት።

«አባዬ፣ ካልሲህን እያጠመድከው ነው እንዴ?»

«መስቀያው ተጣሞ... እያቃናሁት ነው።»

«እግርህ ላይ?»

«ሂጂ ቁርስሽን ብዪ!»

ልጅቷ እየሳቀች ሄደች። እሱ ግን እስከ ጆሮው ድረስ ጋለ። ሽቦውን ፍራሹ ሥር ሸጎጠው፤ የሰረቀው ዕቃ ይመስል።

ሰው በካልሲ ይህን ያህል ለምን ያፍራል እንዳትሉ፣ የሰውየውን ቅጽል ስም ልንገራችሁ። «ክሬኑ» ነው የሚሉት። ሥራው ቤት ለሚቀይሩ ሰዎች ዕቃ መጫንና ማውረድ ነው። አንድ ጊዜ የአንድ ሕንፃ አሳንሰር ተበላሽቶ ባልደረባው እርዳታ ሊጠራ ሲሄድ፣ ፍሪጁን በጠፍር ጀርባው ላይ አስሮ ብቻውን እስከ ላይኛው ፎቅ አወጣው። ባልደረባው ሰው ይዞ ሲመለስ ፍሪጁ ቦታው ላይ ቆሟል፤ እሱ ደግሞ ተደግፎት ውኃ ይጠጣል። ከዚያ ቀን ወዲህ እናቱ ባወጣችለት ስም የሚጠራው የለም። ሚስቱ ስትቀልድ «ክሬኔ» ትለዋለች። አማቱ እንኳ ስልክ ሲደውሉ «ክሬኑ ገባ?» ነው የሚሉት። እንግዲህ ክሬን ካልሲ ማንሣት አቃተው ቢባል የሚወራ ነው? አይወራም። ሆድ ይፍጀው ብሎ ዝም አለ።

ባልደረባው «ሬዲዮ» ይባላል፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲነጋ ከተከፈተ እስኪመሽ የማይዘጋ ሰው ነው። የሁለቱን አሠራር ረጋ ብለን እንየው፤ ጥፋቱ የተወለደው እዚህ ውስጥ ነውና።

ቁምሣጥን ወደ ፎቅ ሲወጣ አንዱ ከታች፣ አንዱ ከላይ ይይዛል። ቁምሣጥኑ በደረጃው ስለሚያዘነብል አብዛኛው ክብደት የሚያርፈው ከታች ባለው ላይ ነው። ከላይ ያለው ወደ ኋላው እየሄደ ይመራል፤ ደረጃ ይቆጥራል፤ «መታጠፊያ ደረስን!» ብሎ ይጮኻል። የታችኛው ፊቱ ላይ የተደቀነው የቁምሣጥን ጀርባ ብቻ ስለሆነ የሚሄደው በላይኛው ቃል ነው። በጫኞች ዘንድ «ታች ጉልበት፣ ላይ አፍ» ይባላል። ከላይ መያዝ የደካማ ቦታ ነው፤ ከታች መያዝ የጎበዝ። ለዚህ ነው ሬዲዮ ምንጊዜም ከላይ፣ ክሬኑ ምንጊዜም ከታች የነበሩት።

ወገቡ ሲጠናበት ክሬኑ የሚያርፍበትን ቦታ አሰበ። በእርግጥ መልሱ ለማንኛውም ጫኝ ግልጽ ነው፤ ከላይ!

«ዛሬ ከላይ ልያዝ» አለ።

ሬዲዮ ዞር ብሎ አየው። «ምነው?»

«የጫማዬ ሶል አልቋል። ያንሸራትተኛል።»

«እሺ፤ መቼም ክሬን ከላይ ሲንጠለጠል እንጂ ከሥር ሲገፋ አይቼ አላውቅም። ዛሬ ገና ቦታህን አገኘህ!»

ወጡ። ችግሩ ክሬኑ መናገር አይችልበትም።

«ኧረ አንተ ሰውዬ!» ይላል ሬዲዮ ከቁምሣጥኑ ሥር። «ደረጃው አለቀ?»

«አላለቀም።»

«ስንት ቀረ?»

«ይቀራል።»

«አሁን አንተን ዜና አንባቢ ቢያደርጉህ፣ አገር ሲፈርስ ‹ፈረሰ› ብለህ ልትወጣ ነው?»

ሳቁ ደረጃው ውስጥ አስተጋባ። ክሬኑም ፈገግ አለ፤ ግን ፈገግታውን የሚያየው ሰው አልነበረም፤ ጥርሱን የነከሰው ለሌላ ነገር ነው።

አሁን የወገብን አሠራር እንመልከት፤ እንዴት ያለ ግሩም ነገር እንደሆነ ብታዩ! በወገባችን ላይ የተደረደሩት ትላልቅ የአከርካሪ አጥንቶች እርስ በርስ እንዳይፋጩ በየመካከላቸው ዲስክ የሚባል ትራስ አለ። ክሬኑና ሬዲዮ መኪና ላይ ዕቃ ሲጭኑ በጠረጴዛውና በቁምሣጥኑ መሐል ስፖንጅ ይጠቀጥቃሉ አይደል? ልክ እንደዚያ። የዲስኩ ዙሪያ እንደ ሽንኩርት የተደራረበ ጠንካራ ልባስ ነው፤ መሐሉ ደግሞ ዝልግልግ ያለ፣ ውኃ የበዛበት ነገር። ዲስክ በአዋቂ ሰው ዘንድ ከጥቂት የጠርዙ ክፍል በቀር የራሱ የደም ሥር የለውም። ምግቡን የሚያገኘው ስንንቀሳቀስ ሲጨመቅና ሲለቀቅ፣ እንደ ስፖንጅ ከአካባቢው እየመጠጠ ነው። መንቀሳቀስ ለወገብ ምግብ ነው ማለት ይቻላል። ረጅም ሰዓት ተጎልቶ መዋል የሚጎዳውም በከፊል ለዚህ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ውኃው ይቀንሳል፣ ልባሱ ይሰነጣጠቃል። ሲጋራ ያፋጥነዋል፤ ውፍረት ያከብደዋል፤ ከእናት ከአባት የሚወረስ ድርሻም አለው፤ ቀኑን ሙሉ በሚንቀጠቀጥ መኪና ላይ መቀመጥም ይነካዋል።

ዲስክን ከላይ ቀጥ አድርጋችሁ ብትጫኑት ብዙ ይችላል። ጎንበስ ብላችሁ ስትጫኑት ግን ፊቱ ይጠብና መሐሉ ወደ ኋላ ይገፋል። ጎንበስ እንዳላችሁ በዚያው ወገባችሁን ብትጠመዝዙ ደግሞ ልባሱን መቅደድ ነው። እስቲ አሁን ሁለቱን ሰዎች አስቡ። የታችኛው ክብደት ቢበዛበትም ጀርባው ቀጥ ብሎ በእግሩና በትከሻው ይገፋል። የላይኛውስ? ወደ ኋላው እየሄደ፣ ከእግሩ በታች ያለውን የቁምሣጥን ጫፍ ለመያዝ እጥፍ ብሎ፣ እጆቹን አንጠልጥሎ፣ በየመታጠፊያው ወገቡን ይጠመዝዛል! ሬዲዮ ይህን የቻለው ዲስኩ ገና ደህና ስለነበረ ነው። ክሬኑ ግን የተሰነጠቀ ዲስኩን ላሳርፈው ብሎ ይበልጥ ወደሚቀድደው ቦታ ወሰደው። ጫኝ ያልሆነ ሰው ይህን ስሕተት አይሠራም፤ ከላይ መያዝ ዕረፍት እንደሆነ የሚያምን ጫኝ ብቻ ነውና።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ባሰበት። ሲራመድ የግራ እግሩ የፊት ጫፍ ይንጠለጠልና ጫማው ወለሉን ይልሰዋል። ምንጣፍ ጠርዝ ያደናቅፈዋል። ሰፊውን የቆዳ ቀበቶውን ከፊተኛው ይልቅ አጠበቀው። ጫኞች ቀበቶ ማጥበቅ ይወዳሉ፤ ወገቡን የታጠቀ ሰው የሚወድቅ አይመስልም።

አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄዱ መኪናው ላይ ተቀምጦ አንድ እንግዳ ነገር ተሰማው። የታጠፈ ጨርቅ ላይ የተቀመጠ መሰለው። ብድግ ብሎ ወንበሩን ዳሰሰ፤ ጨርቅ የለም። ተመልሶ ተቀመጠ፤ ጨርቁ አለ። መቀመጫውና የጭኖቹ መሐል፣ ፈረስ ላይ ሲወጡ ኮርቻ የሚነካው ቦታ ሁሉ፣ ደንዝዟል።

«ቀበቶው ነው» አለ በልቡ። «አጥብቄው ደም ከልክሎኛል።»

ቀበቶውን አላላና መደንዘዙ እስኪለቀው መጠበቅ ጀመረ። አላላው፣ ጠበቀ፤ እንደገና አላላው፣ ጠበቀ። ሥራ ቦታ ሲደርሱ ሽንት ቤት ገብቶ ቆመ። ሆዱ ተነፍቷል፤ ሽንቱ ግን ከየት እንደሚጠራው የጠፋበት ይመስል አልመጣም። ሬዲዮ ከውጭ በሩን ደበደበ።

«ምነው፣ ግድብ ነው እንዴ የምትሞላው? ሰው አለ እኮ!»

«መጣሁ!»

«አንተስ መጣህ፤ እሱስ?»

የሳቅ ድምፅ ተሰማ። ክሬኑ ሱሪውን አስተካክሎ ወጣ። የሬዲዮን ዓይን ማየት አልቻለም። ምናልባት ያኔ አንዲት ቃል ቢተነፍስ ኖሮ ብዙ ነገር ይተርፍ ነበር። ግን ምን ብሎ? እግሬን አመመኝ ማለት እንኳ ያሸማቀቀው ሰው፣ ሽንቴ እምቢ አለኝ ይላል?

በማግስቱ ሚስቱ ሥራዋን ትታ መሄድ ስላልቻለች «እባክህ እናቴን ሐኪም ቤት አድርስልኝ፤ ለወገቧ ቀጠሮ አላት» አለችው። ነገሩ ያስቃል፤ ከሁለቱ ይበልጥ የታመመው ጤነኛ ሆኖ በሽተኛ ሊያጅብ ሄደ።

አማቱ ለወሬና ለሳቅ የማይደክሙ፣ ባለ መንኮራኩር የገበያ ጋሪ እየገፉ የሚሄዱ ሴት ናቸው። ጋሪው ባዶ ነው። እሱን ተደግፈው ጎንበስ ብለው ሲሄዱ እንደ ልጃገረድ ይፈጥናሉ። ቀጥ ብለው ሲቆሙ ግን እግራቸው ይከብዳል፣ ይደነዝዛል፣ ይቀመጡ ዘንድ ግድ ይላል።

«ሰው ባዶ ጋሪ የምትገፋ አሮጊት ይለኛል» አሉት መንገድ ላይ። «ይበል! ጋሪው ባል ከሆነኝ ቆይቷል። ዝም ይላል፣ በሄድኩበት ይሄዳል።»

ክሬኑ ሳቀ፤ ሲስቅ ወገቡ ወጋው።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ጠረጴዛዋ ላይ የፕላስቲክ አከርካሪ ቆሟል። ክሬኑ አማቱን ደግፎ ካስቀመጠ በኋላ እሱ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ሐኪሟ የአማቱን ወገብ ምስል ወደ መብራት አንሥታ አየችና የፕላስቲኩን አከርካሪ ወደ እሳቸው አዞረችው።

«እማማ፣ እዚህ አጥንቶቹ መሐል ቦይ አለ፤ ነርቮች የሚያልፉበት። ዕድሜ ሲገፋ መገጣጠሚያው ይወፍራል፣ ጅማቱ ይደድራል፣ ቦዩ ይጠባል። ቀጥ ሲሉ ይበልጥ ይጠባል፤ ጎንበስ ሲሉ ይከፈታል። ጋሪው የሚመችዎት ለዚህ ነው።»

«እንዲህ ነው እንዴ!» አሉ እማማ፤ ጋሪያቸውን ዞር ብለው እያዩ። «እኔ ደግሞ ልምድ መስሎኝ።»

ክሬኑ ሳያስበው ከግድግዳው ተላቆ ቀረበ። በሕይወቱ ሙሉ ጀርባውን ሲጠቀምበት ኖሮ እንዲህ ሲከፈት አይቶት አያውቅም።

«ዶክተር፣ የሁሉም ሰው የወገብ ሕመም ይኸው ነው?»

«አይደለም። አብዛኛው ሰው ወገቤን ሲል ጡንቻው ወይም ጅማቱ ተወጥሮ ነው፤ በሳምንታት ውስጥ ይሻለዋል፤ ተኝቶ ከመዋል ይልቅ ቀስ እያለ መንቀሳቀሱ ይረዳዋል። አንዳንዱ ደግሞ አንዱ አጥንት በሌላው ላይ ወደ ፊት ሸርተት ይልበታል። ሌላው ዲስኩ ተቀድዶ መሐሉ ይወጣና ነርቭ ይጫናል፤ ያን ጊዜ ሕመሙ ወደ እግር ይወርዳል። እሱም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ያለ ቀዶ ሕክምና ይድናል።»

«እግር ላይ ወርዶ...» ክሬኑ ጉሮሮውን ጠረገ። «ለአንድ ወዳጄ ነው የምጠይቀው። እግሩ ላይ ወርዶ፣ መራመጃው ቢንጠለጠል፣ መቀመጫውም ቢደነዝዝ... ቀበቶ ቢያጠብቅ ነው አይደል?»

ሐኪሟ የያዘችውን ብዕር አስቀመጠች።

«ቀበቶ እንዲያ አያደርግም። እዚህ ጋ ይዩ። ዋናው ሕብለ ሰረሰር ከወገብ በላይ ያልቃል። ከዚያ በታች ቦዩ ውስጥ የሚወርዱት ነርቮች እንደ ፈረስ ጭራ የተንዠረገጉ ናቸው። እግርን፣ መቀመጫን፣ ሽንትንና ዓይነ ምድርን የሚያዝዙት እነሱ ናቸው። ትልቅ ዲስክ ጭራውን ባንድ ላይ ከተጫነው መቀመጫው ይደነዝዛል፣ ሽንት እምቢ ይላል። ይህ ለነገ የሚባል አይደለም፤ በሰዓታት ውስጥ ካልተነሣለት ነርቮቹ ሊሞቱ ይችላሉ። ሰውየው ዕድሜ ልኩን በቱቦ እየሸና ይኖራል።» ቀና ብላ አየችው። «የወዳጅዎ ሽንትስ እንዴት ነው?»

አማቱ ጋሪያቸው ላይ እጃቸውን ጭነው ያዳምጣሉ። ይህን አስቡት፤ ሰው ለአማቱ ቀና ብሎ ማውራት እንኳ በሚከብድበት አገር ሰው ሆኖ፣ ልጃቸውን ያገባ ወንድ፣ ፊታቸው ቆሞ ስለ ሽንቱ!

«እሱን... አልነገረኝም» አለ። «ደህና መሰለኝ።»

«ዛሬውኑ ይጠይቁትና ይምጣ።»

«እሺ።»

ወጡ። ግቢው በር አጠገብ ያለው የአውቶቡስ መቆሚያ ላይ እማማ ጋሪያቸውን አቆሙ። ክሬኑ ከእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ ሲወጣ የግራ ጫማው ተደናቀፈ፤ ምሰሶ ይዞ ተረፈ።

«ያ ወዳጅህ ማነው?» አሉ፤ አውቶቡሱ የሚመጣበትን እያዩ።

«የሥራ ባልደረባዬ ነው፣ እማማ።»

«ያ ሬዲዮ የምትሉት?»

«አዎ... እሱ።»

«አንተ ልጅ፣ ሬዲዮ ሽንት እምቢ ቢለው ኖሮ እስካሁን አገር ምድሩ በሰማ ነበር።»

ክሬኑ መሬት መሬት አየ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ላቡ ከአንገቱ ወደ ጀርባው ሲወርድ ተሰማው፤ ወገቡ ጋ ደርሶ ትንሽ ሲያልፍ ግን ስሜቱ ጠፋበት።

አሮጊቷ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው፣ «እኔ ልጆች ከወለድኩ ወዲህ ስስቅ ያመልጠኛል» አሉት።

«እማማ፣ ኧረ እባክዎ...»

«ስማኝ እንጂ! ሽማግሌ ልከህ ሲሳካልህ፣ መጀመሪያ ቤታችን ስትመጣ፣ ያንን የበግ ቀልድ አውርተህ አሳቅኸኝ። ብድግ ብዬ ወደ ጓዳ የገባሁት ሻይ ላመጣ መሰለህ? ያን ዕለት ወንበሩን ያጠበችው ሚስትህ ናት። ይኸው እስከ ዛሬ አለሁ። በእፍረት የሞተ ወንበሩ ብቻ ነው።»

ክሬኑ ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ መጡበት።

እሳቸው ግን ጋሪያቸውን ወደ ሐኪም ቤቱ በር አዙረዋል። «እኔ ተመልሼ እገባለሁ። ካልመጣህ በመመዝገቢያው መስኮት ‹አማቼ ሽንቱ ተከልክሏል!› ብዬ እጮኻለሁ። ድምፄን ታውቀዋለህ። ካንተ አፍ ቢወጣ ይሻልሃል።»

ተከተላቸው። የተመዝጋቢዎቹ ሰልፍ ረጅም ነበር፤ እማማ በጋሪያቸው እየገፉ ፊት አደረሱት።

«ምንድን ነው ችግሩ?» አለች በመስኮቱ ውስጥ ያለችው ሴት፣ ቀና ሳትል።

«ሽንቴ...» አለ ክሬኑ።

«አልሰማሁም።»

ከኋላው ያለው ሰልፍ ጆሮ ብቻ ሆነ። ትከሻው በሩን የሚሞላው ሰውዬ አንገቱን ደፍቶ፣ እጁን አጣምሮ፣ እንደ ተማሪ ቆመ።

«ሽንቴ አልመጣ ብሎኛል! መቀመጫዬም ደንዝዟል!»

አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ። ሴትየዋ ግን ቀና ብላ አየችውና ስልኩን አነሣች። ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ፈጠነ። ሐኪሟ መጥታ አስተኛችው፤ በጥጥና በመርፌ ጫፍ እየነካካች «ይሄስ ይሰማዎታል? ይሄስ?» አለችው። የማይሰማው ቦታ ከገመተው በላይ ሰፊ ነበር። በቱቦ ሲወጣለት፣ ያለ እሱ ዕውቀት ፊኛው ውስጥ የተጠራቀመውን አይቶ ደነገጠ። ምስል ተነሣ፤ የፕላስቲኩ አከርካሪ ላይ ጣቷን ያሳረፈችበት ቦታ፣ ዲስኩ ቦዩን ሊደፍነው ጥቂት ቀርቶታል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ቀዶ ሕክምና ክፍል ገባ።

ሲነቃ የጋለው ሽቦ ከእግሩ ጠፍቷል። ይህ በራሱ ተአምር የሚመስል ነው፤ ነርቭ የተጫነው ነገር ሲነሣለት ሕመሙ አንዳንዴ ወዲያው ይለቃል። መደንዘዝና ድክመት ግን ጊዜ ይፈልጋሉ፤ አንዳንዱ ሙሉ በሙሉ አይመለስም።

«ዶክተር፣ ጨርቁ ላይ የተቀመጥኩ የመሰለኝ ዕለት ብመጣ ኖሮ?»

«የተሻለ ይሆን ነበር።»

«ነገ እመጣለሁ ብል ኖሮስ?»

ራሷን ነቀነቀች።

ሬዲዮ ሊጠይቀው ሲመጣ ብርቱካን ይዞ ገባ፤ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠና ቀልድ ሊጀምር አፉን ከፈተ። ክሬኑ ቀደመው። እግሩ ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ይከዳው እንደነበር፣ የጫማው ሶል እንዳላለቀ፣ ከላይ ልያዝ ያለው ለምን እንደሆነ ነገረው። ሬዲዮ ብርቱካን መላጡን አቆመ።

«ያ ሁሉ ደረጃ» አለ ቀስ ብሎ፣ «እኔ ከሥር ነበርኩ።»

«አዎ።»

«እግርህ ቢከዳህ ቁምሣጥኑ የት ነበር የሚያርፈው?»

ሬዲዮ የተላጠውንም ያልተላጠውንም ብርቱካን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ሳይሰናበት ወጣ። ሰውየው በሰልፉ ፊት ከጮኸበት ጊዜ ይልቅ ያን ጊዜ አፈረ። በሽንት ማፈር ቆዳ ላይ ነው፤ ይህኛው አጥንት ውስጥ ገባ።

ሬዲዮ ተመልሶ መጣ፤ ከሰነበተ በኋላ። ስለዚያ ነገር አላነሣም፤ ግን ጓደኞቹን «ላይኛውም ታችኛውም ቦታ የሚመረጠው በጤና እንጂ በስም አይደለም» ሲል ተሰማ።

ክሬኑ ዛሬ ዕቃ አይሸከምም። ጫማው ውስጥ የሚያርፍ ደጋፊ ፕላስቲክ አድርጎ እግሩን ሳይጎትት ይሄዳል። ሽንቱ ቀስ እያለ ተመለሰ፤ ቢሆንም ቆሞ ረጅም ጊዜ ይጠብቀዋል። የመኪኖቹን ጭነት የሚያደራጅ ሥራ ተሰጠው። በየጠዋቱ ጫኞቹ መኪናው ላይ ከመውጣታቸው በፊት ሰብስቦ ይጠይቃቸዋል፦ ወገብ? እግር? መቀመጫ አልደነዘዘም? ሽንት?

መጀመሪያ ቀን ግቢው በሳቅ ፈረሰ። አሁን ክሬኑ የሚለው የለም፤ «ሽንቴ» ሆኗል። «ሽንቴ መጣ! ሽንቴ ሊጠይቀን ነው!» ይባላል። በየጠዋቱ ያንኑ ቃል ሲጠራ ጆሮው ይግላል፤ እፍረቱ አልለቀቀውም፤ ይለቀዋል ብሎም አይጠብቅም። ቃሉን ግን አይዘልልም።

ዛሬ ጠዋት ከሰዎቹ መሐል አንድ አንገተ ወፍራም፣ ቃል የማይወጣው ሰው አለ። ሌሎቹ ሣጥን ላይ ተቀምጠው ሻይ ሲጠጡ እሱ ቆሞ ጠጣ። ጥያቄው ሳያልቅ «ደህና ነኝ» አለ፤ ፈጥኖ፣ ሌላው ሳይሰማ የሚዘጋ በር ይመስል። ሌሎቹ መኪናው ላይ ወጡ። ሬዲዮ ሊያስነሣ ቁልፉን አዞረ። ሽንቴ እጁን አንሥቶ አስቆመው፤ ወደ ሰውየው ሄዶ ጎን ለጎን ቆመ፤ ፊቱን እንዳያይበት ወደ ግንቡ እያየ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ከራሱ ጀመረ።

«እኔ ቀበቶው መስሎኝ ነበር...»